ቁልፉ ማን ጋ ነው? የካንሳስ የጉዞ ማስታወሻ

ኮሎራዶ የሚኖር ሰው ካንሳስን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። አውራ ጎዳና 70ን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይነዳል፤ ነዳጅ ለመቅዳት ይቆማል፤ ስንዴ፣ ጎተራ፣ ስንዴ፣ ጎተራ እያየ ያልፋታል፤ ሲመለስ "ምንም የለም" ብሎ ያወራል። እኔም ከሚያወሩት አንዷ ነበርኩ። ዘንድሮ ጋሼ ከደሴ ሊጠይቁን መጡና ነገሩ ተለወጠ።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ። እሳቸውን ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ያስተማራቸው የፒስ ኮር (የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት) መምህር ነበር። ፒስ ኮር ኢትዮጵያ የገባው በ1955 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ የጋሼ መምህር የመጣው ጥቂት ዘግይቶ ሲሆን የካንሳስ ገበሬ ልጅ ነበር። ክፍላቸው ግድግዳ ላይ አንድ ፖስት ካርድ ለጥፎ ነበር ይላሉ፦ የባቡር ሐዲድ፣ ከሐዲዱ አጠገብ አንድ ረጅም ነጭ የእህል ጎተራ፣ ጎተራው ላይ የከተማዋ ስም። ስሙን ረስተውታል። ጎተራውን ግን ወረቀት ከሰጧቸው ዛሬም ይስሉታል። እኔ ናያግራን አሳያቸዋለሁ ብዬ ስዘጋጅ እሳቸው "ካንሳስ በመኪና ስንት ሰዓት ይወስዳል?" አሉኝ።

መንገዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው በሆነ ዘመን ብድግ ብሎ ግቢውን ወይም አደባባዩን በሥዕልና በቅርጽ የሞላባቸውን ትንንሽ ከተሞች ለቀምኩ። ጉዞው በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ነው፤ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላ የሚመጡትን የታሪክ ዓመታት በፈረንጆቹ ጽፌያለሁ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበር። የበሬ ሥጋ አገር እንደምንሄድ ነግሬያቸው ስለነበር ጋሼ እንደ ዘማች ተሰናዱ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ሚጥሚጣ፣ በፌስታል የታሰረ እንጀራ፣ የቡና ፔርሙዝ። የምስር ወጡን እኔ በበረዶ ሣጥን ያዝኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20፦ በርሊንግተንና ጉድላንድ

ከምኖርባት ከአውሮራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን በርሊንግተን ገባን። ጋሼ ገና ከሩቅ የመጀመሪያውን ጎተራ ሲያዩ "ይቺ ናት!" አሉ። "ጋሼ፣ ገና ኮሎራዶ ነን፤ ድንበሩን አላለፍንም" አልኳቸው። ቅር እያላቸው ፎቶ አነሱት።

በርሊንግተን የቆምነው ለካሩሰሏ ነው፤ በሙዚቃ የሚዞሩ የእንጨት እንስሳት። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ቤት ውስጥ አርባ ስድስት እንስሳት በሦስት ረድፍ ቆመዋል፦ ፈረስ፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ግመል፣ ቀጭኔ፣ አጋዘን፣ ከወገቡ በታች ዓሣ የሆነ ፈረስ ሳይቀር። በ1905 ፊላዴልፊያ ውስጥ ተሠርታ ዴንቨር በነበረው የኤሊች መናፈሻ ስትዞር ቆየች። መናፈሻው አዲስ ሲያስመጣ የኪት ካርሰን አውራጃ ኮሚሽነሮች አሮጌዋን በ1928 በ1,250 ዶላር ገዟት። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የግብር ገንዘብ ለእንጨት ፈረስ! ኮሚሽነሮቹ ወንበራቸውን አጡበት። ወዲያው የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና ካሩሰሏ ቆመች፤ ቤቷ የከብት መኖ ማከማቻ ሆነ። በ1970ዎቹ አንድ የጥበብ ዕድሳት ባለሙያ የተከመረባትን እድፍ ሲያነሳ የ1905ቱ ቀለም ከሥር ብቅ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሌሎች አሮጌ ካሩሰሎች በየዘመኑ ሲቀቡ የመጀመሪያ ቀለማቸው ጠፍቷል፤ ይህቺን ያዳናት መረሳቷ ነው። በ1981 ደግሞ አራቱን እንስሳት ሌባ ወስዶ ኋላ ተገኝተዋል።

የሙዚቃ መሣሪያው የ1909 ዉርሊትዘር ነው። በተበሳ ወረቀት የሚሠራ፣ ከበሮና ጡሩምባ ያለው፣ ሲጮህ ደረት የሚያንቀጠቅጥ። የአንድ ዙር ዋጋ ለአሥርት ዓመታት 25 ሳንቲም ነበር ይባላል። እኛንም ከመኪናው ኪስ የለቀምነው ዝርዝር በቃን። ጋሼ ዙሪያውን አይተው ሲያበቁ ግመሉ ጋ ሄዱ።

"ባቲ ገበያ ስንት ግመል አይቼ አንዱ ላይ ሳልወጣ ሰባ ሦስት ዓመት ሞላኝ" አሉና ወጡ። እኔ አጠገባቸው አጋዘን ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አንዲት አሮጊት ደወሉን መቱ። የምትዞረው እኔ እንደጠበቅኩት በዝግታ አይደለም፤ ትሮጣለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ፣ ናሱን ምሰሶ በሌላው ይዘው "ኧረ በገብርኤል!" ሲሉ አሮጊቷ ቋንቋውን ባያውቁትም ሳቁ። ሲቆም ጋሼ አልወረዱም። ሌላ ሳንቲም ለቀምኩ።

ጉድላንድ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ነው። የቫን ጎግ የሱፍ አበቦች 80 ጫማ ቁመት ባለው የብረት የሥዕል ማቆሚያ ላይ ተሰቅለው ከአውራ ጎዳናው ይታያሉ። የሠራው ካሜሮን ክሮስ የተባለ ካናዳዊ ነው፤ የቆመው በ2001። ካንሳስ የሱፍ አበባ ግዛት ስለምትባል ነው ሥዕሉ የተመረጠው። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልማረከኝም። ከሥሩ ሲቆሙ የሚገርመው ብረቱ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ ከማስታወቂያ ሰሌዳ አይለይም። ጋሼ የያዙት ሌላ ሐሳብ ነበር፦ "ይህን ሁሉ ሱፍ እየዘሩ የሱፍ ፍትፍት ሳያውቁ መኖራቸው!"

የከተማዋ የጥበብ ማዕከል አሮጌው የካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ እኛ ስንደርስ ሰዓቱ አልፎ ተቆልፏል። ላስታ ወይም ገርዓልታ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ዳገቱን ጨርሰህ ስትደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነው፣ ቁልፉ ቄሱ ጋ ነው፣ ቄሱ ገበያ ወጥተዋል። ጋሼ የበሩን እጀታ ነካ ነካ አድርገው "ቁልፉ ማን ጋ ነው?" አሉ። ከዚያ በኋላ በየከተማው የመጀመሪያ ጥያቄያችን ይኸው ሆነ።

ሞቴሉ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ከነግብሩ 84 ዶላር አስከፈለን። አውሮራ በዚህ ዋጋ የሚገኘውን ክፍል ማየት አልፈልግም። እራት ምግብ ቤቱ ውስጥ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነፃ የሆነው የድንች ጥብስና የተቆራረጠ ሰላጣ ብቻ ነበር፤ አስተናጋጇ "ዶሮ ልጨምርበት?" እያለች ደጋግማ ለመነችን። የጾሙን ነገር ሳስረዳት "እኔም ኬክ ለመተው ሞክሬ ነበር" አለችኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 21፦ በመንገድ 24

ጉድላንድ እንደ ኮሎራዶ በተራራው ሰዓት ነው የምትኖረው። ወደ ኮልቢ ስንጠጋ ሰዓቱ ይቀየርና አንድ ሰዓት ይበላል። የጋሼ የእጅ ሰዓት ግን ከደሴ ስላልወጣ እሳቸው ምንም አልጎደለባቸውም።

አውራ ጎዳና 70ን ትተን መንገድ 24ን ያዝን። አንድ መስመር ሂያጅ፣ አንድ መስመር መጪ፣ ጉድጓድ የሌለበት ጠባብ አስፋልት። ስንዴው ደርሶ አጨዳ ተጀምሯል። ከፊታችን የመንገዱን ሁለት ሦስተኛ የያዘ ኮምባይነር ገባና በኤሊ ርምጃ ተከተልነው። ነጂው ዳር አግኝቶ ሲያሳልፈን ከመሪው ላይ አንድ ጣት አንስቶ ሰላም አለን። እዚህ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። ጋሼ ከቀትር በፊት ለምደውት ሙሉ እጃቸውን እያወጡ ሰላምታ ይመልሱ ጀመር። ሆክሲ ላይ "ይቺ ናት"፤ ሂል ሲቲ ላይ "አይ፣ ይቺ ናት"።

ቀጥላ ኒቆዲሞስ ናት። ጋሼ ሰሌዳውን ሲያነቡ "የዐቢይ ጾም ሰባተኛው ሳምንት" አሉ። ኒቆዲሞስ በ1877 ከኬንታኪ የመጡ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የቆረቆሯት ናት። ለም መሬት፣ ዱር እንስሳ፣ የራሳቸው ከተማ እንደሚጠብቃቸው የሚናገር ማስታወቂያ አንብበው ነው የመጡት። ሲደርሱ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። በ1878 ከባሏ ጋር የመጣች ዊሊያና ሂክማን የተባለች ሴት ኋላ ስታስታውስ፣ ከተማው የታለ ብላ ስትጠይቅ ያሳዩዋት ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ ነበር፤ ሰዎቹ ጉድጓድ ቆፍረው ነው የሚኖሩት። አለቀሰች። ግን ቀረች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣ ሳይቀር አቆሙ። በ1888 የባቡር ሐዲዱ ከተማዋን ትቶ ወደ ደቡብ ሲያልፍ ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ሐዲዱን ተከተለ፤ ኒቆዲሞስ ቀስ በቀስ ጫጫታዋን አጣች።

ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ናቸው የቀሩት። ሱቅ የለም፣ ነዳጅ ማደያ የለም። ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ሆናለች። አምስት አሮጌ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ከእነሱም በ1939 በኖራ ድንጋይ የተሠራው የቀበሌ አዳራሽ አለ። በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ ከመላው አሜሪካ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ይመለሳሉ፤ ልማዱ ከከተማዋ መጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ ያለ ነው። እኛ ስንደርስ ሣሩ ታጭዶ፣ ነፋሱ ብቻ ነበር።

አሮጌው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በር ተዘግቷል። ጥያቄያችንን ጠየቅን። የፓርኩ ሠራተኛ ቁልፉ እሷ ጋ እንዳልሆነ፣ ግን አንድ ሽማግሌ ሊነግሩን የሚችሉት ታሪክ እንዳለ ገለጸችልን። ሽማግሌው ከጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ካንሳስ ሲቲ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ አያታቸው መሬት ላይ ተመልሰዋል። ጋሼ ከየት እንደመጡ ሲነግሯቸው ተነስተው ጨበጧቸው። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ስንዴ ዋጋ አወሩ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ቀርቤ ነበር፤ የስልሳ ዓመቱ የፒስ ኮር እንግሊዝኛ በቂ ስለነበር ሥራ ፈታሁ። ናፍቆት የሚሉትን ነገር የምናገኘው አሮጌ ዕቃ ቤት ውስጥ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ሽማግሌው ግን ስለ ድሮው አንዴም አላነሱም፤ የሚያሳስባቸው ሐምሌ ላይ ለሚመጣው ሰው ጥላ ድንኳን መበቃቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮከር ሲቲ ደረስን። ይህቺ ከተማ የምትታወቀው በሲባጎ ነው። ፍራንክ ስቶበር የተባለ ገበሬ በ1953 እርሻው ላይ የተራረፈ የጭድ ማሠሪያ ሲባጎ መጠቅለል ጀመረ። በ1961 ጥቅሉን ለከተማው ሰጠ፤ በ1974 ሞተ። ከተማው ግን አላቆመም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሰው ተሰብስቦ ይጠቀልላል፤ ዛሬ ክብደቱ ከዘጠኝ ሺህ ኪሎ በላይ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የጠቀለለው ሌላ ጥቅል ስላለ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር አላባራም። በእግረኛ መንገዱ ላይ ሲባጎ የሚመስል መስመር ተስሏል፤ ያንን ተከትላችሁ ስትሄዱ በባዶ ሱቆቹ መስኮት የታወቁ ሥዕሎች ቅጂ ተደርድሯል፤ ሁሉም ውስጥ የሲባጎ ጥቅል ገብቷል። ሞና ሊዛ ሳትቀር ታቅፋዋለች። ይህ ከጉድላንዱ የሱፍ አበባ ይልቅ አሳቀኝ፤ የከተማው ሰው በራሱ ላይ ሲቀልድ ነው ያየሁት።

ማንም መንገደኛ ሲባጎ መጨመር ይችላል፤ ጠባቂዋ ዘንድ መደወል ብቻ ነው። ደወልን። አንዲት ሴት እጃቸውን በመደረቢያቸው እየጠረጉ ሲባጎ ይዘው መጡ። ጋሼ ጥቅሉን ሲዞሩ፣ ሴትዮዋ ርዝመቱን በጫማ ሲለኩ፣ ስማችንን መዝገብ ላይ ሲጽፉ ግማሽ ሰዓት ሆነ። "እዚህ ቁልፍ የለም፤ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው" አልኳቸው ለጋሼ። "ሴትዮዋ ናቸው ቁልፉ" አሉኝ።

ማደሪያችን ኦዝቦርን ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰማዩ እንደ ብልዝ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ የከተማው ሳይረን ጮኸ። የሞቴሉ ባለቤት በየበሩ እየመታ ሁላችንንም ወደ ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት አወረደን። ጋሼ ዳዊታቸውንና በሶውን ይዘው ወረዱ። ምድር ቤቱ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ኮምባይነር ነጂዎች። ከቴክሳስ ጀምረው ወደ ሰሜን ስንዴውን እየተከተሉ የሚያጭዱ ቡድን ናቸው፤ ግማሾቹ ለወቅቱ ሥራ የመጡ ደቡብ አፍሪካውያን። ካንሳስ ምድር ቤት ውስጥ ከብሎምፎንቴን የመጣ ልጅ ከደሴ የመጣ ቆሎ ሲበላ ማየት! አንዱ ልጅ "ይህ ገብስ ነው" ብሎ በመጀመሪያው እፍኝ ለየው። በረዶው ጣሪያውን እንደ ድንጋይ ናዳ ሲደበድብ አንድ ሰዓት ገደማ ቆየን። አውሎ ነፋሱ እኛ ጋ አልደረሰም። ስንወጣ መኪናዬ ኮፈኗ ላይ በጡጫ የተመታች መስላለች። ከልጆቹ አንዱ በስልኩ መብራት አይቶ "እኛ ዘንድ ይህ ጠባሳ ነው የሚባለው፤ ዋጋ አይቀንስም" አለኝ። ኢንሹራንሱ በዚህ አይስማማም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22፦ ሉካስ

ወደ ደቡብ ታጠፍን። እዚህ የእርሻ አጥሮቹ ዓምዶች ድንጋይ ናቸው። ሰፋሪዎቹ ሲመጡ ለአጥር የሚሆን ዛፍ አልነበረም፤ ከሜዳው ሥር ግን ሲወጣ ለስላሳ፣ አየር ሲያገኘው የሚጠነክር የኖራ ድንጋይ ንብርብር ነበር። ጠርበው አቆሙት፤ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ለእኔ የጉዞው ምርጥ ቅርጻ ቅርጽ እሱ ነው፤ ማንም ጥበብ ብሎ ሳይሠራው።

ሉካስ ሦስት መቶ ምናምን ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በሕዝቧ ቁጥር ሲሰላ ይህን ያህል አርቲስት ያላት ከተማ መኖሯን እንጃ። ሁሉንም ያመጣው ሳሙኤል ዲንስሞር ነው፤ በ1843 ኦሃዮ የተወለደ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የተዋጋ፣ መምህርና ገበሬ የነበረ። በ1907 የኖራ ድንጋዩን እንደ ግንድ ጠርቦ የግንድ ቤት የሚመስል የድንጋይ ቤት ሠራ፤ ከዚያ ግቢውን በሲሚንቶ ይሞላ ጀመር። አዳምና ሔዋን፣ እባቡ፣ ቃየልና አቤል፣ መላእክት፤ ሁሉም በረጃጅም የሲሚንቶ ዛፎች ላይ። የፈሰሰው ሲሚንቶ 113 ቶን ነው ይባላል። ስሙንም የዔደን ገነት አለው።

ጋሼ የመጽሐፍ ቅዱሱን ጎን በደስታ አነበቡት፤ እያንዳንዱን ቅርጽ ለእኔ እየተረኩ። ጥግ ዞረን የፖለቲካው ጎን ላይ ስንደርስ ዝም አሉ። ወታደር የአገሬውን ተወላጅ ያነጣጥራል፣ ተወላጁ ውሻውን፣ ውሻው ቀበሮዋን፣ ቀበሮዋ ወፉን፣ ወፉ ትሉን፣ ትሉ ቅጠሉን። መጨረሻው ላይ ሠራተኛ ሰው ተሰቅሏል፤ የሰቀሉትም ጠበቃ፣ ሐኪም፣ ሰባኪና የባንክ ሰው ናቸው። ጋሼ ሰባኪውን ዐይተው ትንሽ አሰቡ፤ ሐኪሙ ለምን እንደገባ ግን ሊገባቸው አልቻለም። እኔ ሆስፒታል ስለምሠራ ለሐኪሙ ጠበቃ ለመቆም አልሞከርኩም።

ዲንስሞር ሁሉንም የሠራው ሊያስጎበኝ ነው። ባቡር መንገደኛ እየመጣ ሳንቲም እየከፈለ ያይለት ነበር። በ81 ዓመቱ የሃያ ዓመት ልጅ አግብቶ ሁለት ልጅ ወለደ። በ1932 ሲሞት ቀድሞ በሠራው መቃብር ቤት ውስጥ ክዳኑ መስታወት በሆነ ሣጥን ገባ፤ በኑዛዜውም ከቤተሰቡ በቀር ማንም ከአንድ ዶላር ባነሰ እንዳያየው አዘዘ። ዛሬም እዚያው ነው። እኔ ገብቼ አየሁት። ጋሼ በር ላይ ቀሩ፤ "የሞተ ሰው ይቀበራል እንጂ ቲኬት አይቆርጥም" ብለው።

የእኔ ልብ የቀረው ከዚያ ጥቂት ቤቶች አለፍ ብሎ ፍሎረንስ ዲብል ጋ ነው። የእንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ። ልጅ ሳሉ ዲንስሞር ሲሚንቶ ሲያቦካ ቆመው ያዩት ነበር። ካደጉ በኋላ በጉዞ ያዩትን ቦታ ሁሉ ከጓሮአቸው በድንጋይና በባለ ቀለም ሲሚንቶ ሠሩት፤ ራሽሞር ተራራ ከነፕሬዚዳንቶቹ ከወገብ አይበልጥም። ፖስት ካርድ ነው የሚሉት። ጋሼ ወደ መሬት ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ አዩ። "መምህር እንዲህ ነው የሚያስተምረው። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ካርታ ሰሌዳ ላይ ስስል አጠፋሁት፤ እሷ በሲሚንቶ አስቀረችው።" ብዙ ሳይናገሩ እዚያ ቆዩ፤ ለመሄድ እጃቸውን መሳብ ነበረብኝ።

ዋናው ጎዳና ላይ ያለው የግራስሩትስ የጥበብ ማዕከል በ1995 የተከፈተ ሲሆን የጥበብ ትምህርት ቤት ያልገቡ አርቲስቶችን ሥራ ይሰበስባል። ኢነዝ ማርሻል ከኖራ ድንጋይ የጠረበቻቸው ሥራዎች አሉ፤ ኸርማን ዳይቨርስ ከመጠጥ ቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበት የሠራው ሞተር ብስክሌት አለ። የምታስጎበኘን ሴት ከራሷ ቤት ሰው የምታሳይ ነው የምትመስለው። ከማዕከሉ ብዙም ሳይርቅ የከተማው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አለ፤ በ2012 የተከፈተ፣ ሕንፃው ራሱ የመጸዳጃ መቀመጫና ታንከር ቅርጽ ያለው፣ ግድግዳው ነዋሪው ባዋጣው ሰሃን ስብርባሪና መጫወቻ የተለበጠ። ንጹሕ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ተቆልፎ፣ ቁልፉም ጠፍቶ ነበር ብዬ ተንኮል ተናገርኩ፤ ጋሼ አልሳቁልኝም።

አንድ ችግር ገጠመን። የከተማዋ ቋሊማ ቤት በር ክፍት ነበር፤ ጭሱ ጎዳናውን ይዞታል። ቼኮች ያመጡት አሠራር ነው። ጋሼ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለፉ። እኔ ለባልደረቦቼ ብዬ ሁለት ኪሎ ገዝቼ በበረዶ ሣጥኑ ሥር ደበቅኩ። እስከ አውሮራ ድረስ መኪናው ሸተተ፤ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው ግን ከቋሊማው በላይ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 23፦ ሊንድስቦርግ

ጋሼ ቅዳሴውን በስልክ ሰሙ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ቀጥ ብለው ቆመው፣ በሞቴል ምንጣፍ ላይ ነጠላ አንጥፈው። የጽዳት ሠራተኛዋ ከፍታ አየቻቸውና በጣቷ ጫፍ ተመለሰች።

ሊንድስቦርግን በ1869 የቆረቆሯት ስዊድናውያን ናቸው። ዛሬ በየጥጉ ዳላ የሚባሉት የስዊድን የእንጨት ፈረሶች ትልልቅ ሆነው፣ በየሱቁ በራፍ እንደ ሱቁ ዓይነት ተቀብተው ቆመዋል። ከተማዋ ከሌሎቹ ሀብታም ናት፤ ቡና ቤቶቿ የዴንቨር ዋጋ ይጠይቃሉ። ትንሿን ፈረስ 30 ዶላር ሲሉኝ መልሼ አስቀመጥኳት። ኮከር ሲቲ ሲባጎውን በነፃ ሰጥታኝ ነበር።

የመጣንበት ግን ቢርገር ሳንድዘን ነው። ስቶክሆልም ውስጥ በአንደርስ ዞርን ሥር የተማረ ሠዓሊ፣ በ1894 ቤተኒ ኮሌጅ ሊያስተምር መጣ፤ እስከ 1946 አስተማረ፤ በ1954 እዚሁ ሞተ። በስሙ የተሰየመው ጋለሪ በ1957 ተከፈተ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ገባንና ከኛ ሌላ ሁለት ሰው ነበር። ቀለሙን በብሩሽ ነክቶ አይደለም የሚቀባው፤ በማንኪያ ቆርሶ የለጠፈው ይመስላል። ከቅርብ ጉብታ ነው፤ አምስት ርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ተራራ ይሆናል። የስሞኪ ሂል ወንዝ፣ ጥድ፣ ድንጋይ፣ ሐምራዊና ብርቱካን። ብዙዎቹ የኮሎራዶ ተራሮች ናቸው። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ የማያቸውን ተራሮች አንድ ስዊድናዊ ከካንሳስ እየተመላለሰ ሲስላቸው ኖሯል፤ እኔ ደግሞ የትራፊክ መብራት ሥር ቆሜ ስልኬን አያለሁ። ጋሼ አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው "ይህ ሰው አገሩን ናፍቋል ወይስ ረስቷል?" ብለው ጠየቁኝ። ሥዕሉ ላይ ስዊድን ጭራሽ የለችም። "እዚህ የሚያየውን ነው የሳለው" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ማዘን አልለየሁትም።

ማታ የምስር ወጡ አለቀ። የቀረው በሶ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 24፦ ቪክቶሪያና ወደ ቤት

ከሊንድስቦርግ ከመውጣታችን በፊት ፖስታ ቤቱ እስኪከፈት ጠበቅን። በ1930ዎቹ ድቀት መንግሥት ለአርቲስቶች ሥራ ሲፈጥር በየትንሽ ከተማው ፖስታ ቤት የግድግዳ ሥዕል አስቀባ፤ የሊንድስቦርጉን የሠራው ራሱ ሳንድዘን ነው። ሰዉ ከሥሩ ተሰልፎ ጥቅል ይልካል። ጋሼ ለደሴ ፖስት ካርድ ላኩ፤ ለራሳቸው አድራሻ። ጎተራ ያለበት ፈልገን አጣን፤ ወንዝ ያለበት ሆነ።

ከዚያ በኋላ አውራ ጎዳና 70 ነው፤ የሚተረክ ነገር የለውም፣ ቪክቶሪያ ላይ ካልወረዱ በቀር። መንትያ ግንቦቹ ከስንዴው መሃል 141 ጫማ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከሩስያ ቮልጋ ዳር በ1876 የመጡ ጀርመናውያን ከ1908 እስከ 1911 የሠሩት የቅዱስ ፊደሊስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ ምእመን ሁሉ በዓመት 45 ዶላርና ስድስት ጋሪ ድንጋይ ያዋጣ ነበር። ጋሼ፣ በሩን ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ። በሥራ ቀን፣ ጠባቂ የለ፣ ቁልፍ የለ። ተሳልመው ከኋላ ቆሙና በሹክሹክታ ሒሳብ ያዙ፦ ስምንት ልጅ ያለው ገበሬ ስንት ጋሪ ድንጋይ ይደርስበታል? ስወጣ ሣጥኑ ውስጥ አሥር ዶላር ጣልኩ፤ እሳቸው አንድ የመቶ ብር ኖት ጨመሩበት። የቪክቶሪያ ቄስ ምን እንደሚያደርጉባት አላውቅም።

ወደ ምዕራብ ስንመለስ ያነሷቸውን የጎተራ ፎቶዎች እያገላበጡ "ሆክሲ ናት" አሉ፤ ኮልቢ ጋ ስንደርስ ሐሳባቸውን ለወጡ። ቤት ገብተን ሻንጣ ሳናወርድ የሚቀጥለውን ጉዞ ጀመሩልኝ። በ1954 አፄ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ኦክላሆማ ውስጥ ስቲልዋተር ድረስ ሄደዋል፤ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅን በማቋቋም የረዳው የዚያች ከተማ ኮሌጅ ነው። የጋሼ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ዓለማያ ተምሯል፤ እሱ ሳያየው እኔ ባየው ብለዋል። ለመስከረም የዕረፍት ፈቃድ አስገብቻለሁ። ከዚያ በፊት ኮፈኑ መጠገን አለበት፤ ጋራዡ 900 ዶላር ጠይቆኛል፤ ጋሼ "ጠባሳ ዋጋ አይቀንስም" እያሉ ይከራከሩልኛል።